ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በኋላ

ሰርካለም መዋሸት የጀመረችው ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው እውነት ነው፤ ቢያንስ መጽሐፉ ያለው ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ገጾች አንዲት ቆሎ ሻጭ ቆሎ ጠቅልላባቸዋለች። ጎንደር አራዳ ካለ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛችው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጀርባው የተገነጠለ፣ መጨረሻው የጎደለ ነበር፤ ሻጩ ግን «ዋናው ነገር ፊተኛው ላይ ነው» ብሎ አሳመናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሰርካለምም ቸግሯት ነበር።

ጎንደር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ኤፍ ኤም ጣቢያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በተከታታይ ትተርካለች። ጄኔራሎቹን ጨርሳለች፣ ሐኪሞቹን ጨርሳለች፣ አንድ መርከበኛም ሦስት ወር አቆይታ ቀብራዋለች። የጣቢያው ኃላፊ ማንያዘዋል «አድማጭ ሸሸ» እያለ ዝግጅቱን ሊዘጋባት ሲያኮበኩብ ነው ኮራ ሌንደንን ይዛ ብቅ ያለችው። ኮራ የድሮ የሆሊውድ ተዋናይ ናት። ጎንደር አንድም ፊልሟን አላየም፤ ታሪኳን ግን ሁለት ጆሮውን ሰጥቶ ሰማ።

ኮራ የልብስ አጣቢ ልጅ ናት። እናቷ በአንዲት የከሰል ማውጫ ከተማ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሆሊውድ ገባች። የፊልም ኩባንያው ሳይቀጥራት ስሟን ለወጠ፣ ሁለት ጥርሷን አስነቀለ፣ ግንባሯ ጠበበ ብሎ የፊት ፀጉሯን አንድ በአንድ እያስነጨ ወደ ኋላ አሸሸው። ከዚያ የሰባት ዓመት ውል አስፈረማት። በዓመት አራት ፊልም ትሠራለች፤ እንድትነቃ አንድ ክኒን፣ እንድትተኛ ሌላ ክኒን ይሰጧታል። ስም ያወጣላት ለቅሶዋ ነው። ሌሎቹ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ እያስጨመሩ ሲያለቅሱ፣ እሷ ዳይሬክተሩ «አልቅሺ» ብሎ አሥር ሳይቆጥር፣ ያውም ከፈለገው ዓይን ብቻ፣ እንባዋን ታወርድለታለች። «እኛ አገር ብትሆን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ስትጠራ እግሯ በቀጠነ» ብሎ ደውሎ ያሳቀ አድማጭ ነበር። አንዲት ባልቴት ደግሞ ኮራ ረቡዕና ዓርብን ትጾም እንደሆነ ጠየቁ።

በሃያ ስድስት ዓመቷ ያንኑ «አልቅሺ» የሚላትን ዳይሬክተር አገባች። ሰውየው የወደደው እንባዋን ኖሮ፣ ቤትም አላሳረፋትም። ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤት ሠርቶ፣ በረኛ አቁሞ ቆለፈባት። የገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የመጨረሻ መስመር «የዚያን ቀን ጠዋት ኮራ ከደረጃው አናት ላይ ቆማ» ይላል። ቆማ ምን? ቆሎ ሻጯ ታውቅ።

ሰርካለም ምን ታድርግ? በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ከጎንደር ከጠፋ ወራት አልፎታል። ታሪኩ እዚህ ላይ ተበጠሰ ብትል ማንያዘዋል እሷንም ይበጥሳታል። እናም ፈጠረች። መጀመሪያ ኮራን ከቤት አስወጣቻት፤ ባልየው ድግስ ደግሶ ቤቱ በሰው የሞላ ዕለት፣ ኮራ የቆሸሸ ልብስ ጠቅልላ አዝላ፣ አንገቷን ደፍታ በበረኛው ፊት አለፈች። የልብስ አጣቢ ልጅ ስለሆነች ጥቅል አስተዛዘሉን ታውቅበታለች፤ የሰው እድፍ የተሸከመች ሴት ፊት ደግሞ ማንም አያይም። ቀጥላ መደበቂያ ፈለገችላት። የሆሊውድን ሰፈር ስለማታውቀው የምታውቀውን ሰጠቻት፦ መንገድ ዳር ሴቶች የሸክላ ሥራ የሚሸጡበት፣ ባለቤቶቹ ባሕር ተሻግረው የሄዱ፣ ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ባዶ ቤት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባል ከነጭራሹ የማይደፍረው ዘመድ አስፈለጋት። እዚህ ላይ የጎንደር ሰው ካልሆነ ማንም የማይሠራውን ስህተት ሠራች፤ ኮራን የጡት ልጅ ልታደርጋት አሰበች።

የጡት ልጅነት እንዲህ ነው፤ የሚያሳድደው ያለበት ሰው፣ ወገን ካለው ሰው ፊት ይቀርብና በማር የተቀባውን የዚያን ሰው አውራ ጣት በምስክር ፊት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። የነካው የዚያን ቤት ደም ነካ፤ ወንድማማቹ ሁሉ ይነሳበታል። ሰርካለምም ባለፈው ቅዳሜ፣ ኮራ በባዶው ቤት ውስጥ ማር በብርጭቆ ይዛ፣ የጡት እናት የምትሆናትን ትልቅ ሴት ስትጠብቅ ትታት ነበር ዝግጅቱን የዘጋችው። አድማጭ አበደ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ኮራ ጥቅሏን አዝላ በወጣችበት ቅዳሜ፣ አንዲት ሴት በቀጥታ ስርጭቱ ደውላ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጀርባዋ የወፍጮ ድምፅ እየተሰማ፣ «እቴ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፤ ይሄ በእርግጥ የሆነ ነው?» አለች። ሰርካለም ያን ጊዜ ደስ አላት እንጂ አልደነገጠችም። «መጽሐፉ ላይ ያለ ነው እህቴ። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም» አለቻት። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ከማሩ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ፣ ከሰዓት በፊት የቢሮው ስልክ ጮኸ።

«ሰርካለም ነሽ?» አለ ለስላሳ የወንድ ድምፅ።

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አድማጭሽ ነኝ። አለበል እባላለሁ፣ ከቆላ ድባ ወዲያ ካለው ገጠር። ሸጋ አርገሽ ነው የምትናገሪ። ያቺ ፈረንጅ ከባዶው ቤት ወዴት ሄደች?»

ሰርካለም ሳቀች። «ቅዳሜ ይስሙ እንጂ ጌታዬ! አሁን ብነግርዎ ለቅዳሜ ምን ይተርፈኛል?»

«እስተ ቅዳሜ አልጠብቅም» አለ ሰውየው፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ምነው ብትይ፣ እሑድ ለት ማኅበርተኛ ቤቴን ሞልቶ ሳለ ሚስቴ ጥቅል ልብስ አዝላ ወጣች። ወንዝ ወርዳ ልታጥብ ነው ያለ እንጂ ፊቷን ያየ የለም። ቤቴ ያለው ሬዲዮ አንድ ነው እቴ። እሷ ጓዳ ሆና ስትሰማ እኔም መደብ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።»

ሰርካለም የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ የሚስትዎን መድረሻ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም። የፈረንጇን ግን ታውቂያለሽ። አንቺ የሷን ንገሪኝ፤ የኔዋን እኔ ፈልጌ አገኛለሁ።»

«ቢያገኟት... ምን ያደርጓታል?»

«ሚስቴ ናት» አለ ሰውየው። ከዚያ ዕቃ እንደረሳ ሰው፣ «ጎንደር ገብቻለሁ። አራዳ ነኝ። የናንተን ፎቅ ፊት ለፊት አየዋለሁ» ብሎ ዘጋ።

ሰርካለም መስኮቱ ጋ ሄደች። ከታች ጋቢ የለበሰ ወንድ ሃያ ይሆናል፤ ግማሹ ስልክ ጆሮው ላይ ነው። ከመስኮቱ ዘወር ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ለማንያዘዋል ነገረችው። ማንያዘዋል ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከሰው ይልቅ ለጣቢያው ስም ይጨነቃል። መጀመሪያ የጠየቃት «ከመጽሐፉ አልወጣሽም አይደል?» ብሎ ነው። «አልወጣሁም» አለችው። «እንግዲያ ምን ያስፈራሻል?» አላት። ፖሊስ ጋ ሄደች። ተረኛው ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጣት። የሴትየዋ ስም? አታውቀውም። ቀበሌዋ? አታውቀውም። «ሰውየው ምን አለሽ?» ሲላት «ሚስቴ ናት አለኝ» አለች። ተረኛው ብዕሩን አስቀመጠ። «እና፣ ሚስቱ አይደለችም?»

ሐሙስን ስልክ በጮኸ ቁጥር እየዘለለች ዋለች። ማታውን ራት አልበላ አላት። ያቺን ሴት እሷ ናት በእጇ ይዛ ያስወጣቻት። ወፍጮ እየተሰማ የደወለችው ይህችው ሴት መሆን አለባት፤ እሷ ናት «የሆነ ነው» ብላ ያረጋገጠችላት። አሁን ያች ምስኪን የሆነ ቦታ ቁጭ ብላ ቀጥሎ የምታደርገውን ከሰርካለም አፍ ትጠብቃለች፤ ሰውየውም ይጠብቃል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፏን ስትከፍት ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ትነግራቸዋለች። ይህን ስታስብ ነው ድንገት ብድግ ያለችው። ባዶው ቤት! የሸክላ ሴቶቹ፣ መንገዱ ዳር፣ የአደራው ቁልፍ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን እኮ ነው አንድ በአንድ የሣለችው። ከቆላ ድባ ወዲህ ለማይመጣ የደምቢያ ሰው ስሙ ላይመጣለት ይችላል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አንድ ቀን በመኪና ያለፈ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ ያቺም ሴት ካወቀችው እዚያው ናት።

ዓርብ ጠዋት ከቤቷ በጓሮ በር ወጣች። አንድ ባጃጅ ይዛ ወረደች፣ ሌላ ይዛ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ የሚመጣው ሁሉ ሰውየው መሰላት፤ ነጭ ጋቢ ያደረገ መነኩሴ ሳይቀር አስደነገጣት። ወለቃ የሙት ልጅ ሆና አክስቷ ዘንድ ያደገችበት መንደር ነው። የቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ቁልፋቸውን ለሽማግሌው ለአያ አስናቀው ሰጥተው ነው የሄዱት፤ አያ አስናቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንን ቤት አንድም ሰው ሳያስገቡ ይጠብቃሉ። የባለቤቶቹ ልጅ ሳሪት ከእስራኤል በየበዓሉ ትደውልላቸዋለች። በመንደሩ ቃላቸው እንደ መሐላ ነው፤ የደብሩ አገልጋይ ናቸው፣ ለቀልድ እንኳ ሲዋሹ የሰማቸው የለም።

ከባዶው ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሬዲዮናቸው አጠገባቸው አለ።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ፣ ምንም ሳይገርማቸው። «ሰኞ ለት ነው የመጣች። ባዶ ቤት ፈላጊ ናት። አንቺ በሬዲዮ የተናገርሽው ይሄው የኛው ቤት መሆኑን እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሳሪትን ደውዬ አስፈቀድኩና ከፈትኩላት።»

ሰርካለም በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ውስጥ አንዲት ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አርባ ዓመት ይሆናታል፣ ከሰርካለም በአሥር ዓመት ትበልጣለች። የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ሳይታሽ የዳነ ነው፣ ወደ ጎን ጠሟል። የጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። ከፊቷ አንድ ብርጭቆ ማር አለ።

«ትርንጎ እባላለሁ» አለች ሴትዮዋ እየተነሳች። «ከወገራ ነው ደምቢያ የተዳርኩ፤ ስመላለስ ይህን መንደር አየው ነበር። ትልቋ ሴት ትመጣለች ብለሽ ነበር። እኔ ግን አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኅቴ፣ ስሚኝ» አለች ሰርካለም። ልትነግራት ነው የመጣችው፦ እኔ ከራሴ ነው የፈጠርኩት፣ ኮራ ምን እንደሆነች አላውቅም፣ ማሩን ተይውና ተነሽ፣ ከዚህ እንሂድ። «ያ ታሪክ...»

ክፍሉ ጨለመ። በሩ ላይ ሰው ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ አያ» ብሎ ለደጁ ሽማግሌ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ነው የገባው። ቀጭን፣ ጢሙን የተላጨ፣ የጨዋ መልክ ያለው ሰው ነው። ጋቢው ከጎኑ በኩል አበጥ ብሏል፤ እጁም እዚያው ነው። «እንዲያው ስትቸኩይ ቀኝ ግራሽን አታይም እቴ» አላት ሰርካለምን። «ቤትሽን ከረቡዕ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛውን ባጃጅ ስትይዢ እኔ ሦስተኛው ላይ ነበርኩ።»

ሰርካለም ያን ጊዜ ገባት። ረቡዕ ለት የደወለው ሊጠይቃት አልነበረም፤ ሊያስፈራት ነበር። ፈርታ መርታ አመጣችው። መጮኽ አሰበች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። በሬዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚንቆረቆረው ድምፅ ያን ሰዓት ጨርሶ ከዳት። የፈሩት ይደርሳል።

«ትርንጎ፣ ተነሽ እንሂድ» አለ አለበል፣ ገበያ የዋለች ሚስቱን የሚጠራ ያህል።

ትርንጎ ወደ እሱ አልተመለከተችም። የሰርካለምን እጅ ያዘች፣ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች፣ የገዛ አፏ ውስጥ ከተተችው። ሰርካለም የሴትየዋ ጥርስ ሲንቀጠቀጥ በጣቷ ተሰማት። «እናቴ ነሽ» አለች ትርንጎ ጣቷን ለቅቃ። «ከዛሬ ወዲያ ደሜ ደምሽ ነው።»

«አይቻለሁ» አሉ አያ አስናቀው ከደጃፉ። «ምስክር ነኝ።»

አለበል ሁለት እርምጃ ተራምዶ ነበር፤ ቆመ። እንደ እሱ ያለ ሰው ፖሊስ አይፈራም፣ ቄስም አይፈራም። ደም ግን ይፈራል፤ ደም ከቆላ ድባ ድረስ ቤት ለቤት እየጠየቀ እንደሚመጣ ያውቃል። ሰርካለምን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ከማን ወገን ነሽ?» አለ። «ወንድም አለሽ?»

ሰርካለም ወንድም የላትም። አባቷን አታውቀውም፣ እናቷ በወሊድ ሞተች፣ አክስቷን የቀበረቻት ብቻዋን ነው። ከኋላዋ የትርንጎ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ይሰማታል። አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።

«ሦስት ወንድሞች አሉኝ» አለች። ድምፁ ያ የቅዳሜው ድምፅ ነበር። «ዳኛው፣ ምናለና ማንያዘዋል። ዳኛው የመንግሥት መሣሪያ ይዞ የሚጠብቅ ነው። ምናለ አጠገቤ ሳይሆን የማይውል ነው። ማንያዘዋል ደግሞ ታላቃችን ነው፤ የሱን ነገር ተወው።» ዳኛው የጣቢያው ዘበኛ ነው፣ ስድሳ አምስት ዓመቱ፤ ምናለ የድምፅ ቴክኒሽያኑ ነው። በዚያች ሰዓት ሌላ ስም አልመጣላትም።

አለበል ወደ ደጃፉ ዞረ። «አያ፣ አንቱ የዚህ አገር ሰው ነዎት። እውነቷን ነው?»

አያ አስናቀው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። በአክስቷ ቀብር ላይ ብቻዋን ቆማ ስታለቅስ እጇን የያዟት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ፤ ለሰርካለም ዓመት የቆዩ መሰላት።

«ይህችን ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በየሳምንቱ በዚህ ሬዲዮ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም።»

አለበል ሬዲዮኑን አየው። እሱም እኮ ያንኑ ድምፅ ነው መደብ ላይ ሆኖ ሲሰማ የኖረው፤ በዚያ ድምፅ አምኖ ነው ሚስቱን ፍለጋ ከተማ የገባው። እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣ። ባዶ ነበር። «ልጠይቅ ነው እንጂ ምን አልኩ» አለ። ደጃፉን ሲሻገር ግን ዞሮ ሰርካለምን አያት፤ «ቅዳሜ እሰማለሁ» አለ።

ኮቴው ራቀ። ሰርካለም መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ጣቷ ላይ ማሩ ደርቆ ይጎትታታል። አያ አስናቀው ገብተው አጠገቧ ቆሙ።

«ወንድም እንደሌለሽ አውቃለሁ» አሉ። «ያንን እግዚአብሔር ይፍታሽ። የቀረው ግን እውነት ነው፤ ያች ፈረንጅ ድናለች አይደል?»

ትርንጎ ዓይኗን ሰርካለም ላይ ተከለች። የጠመመ እጇን በደህናው ደግፋ ይዛዋለች።

«ድናለች» አለች ሰርካለም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ጣቢያው ደረሰች። ምናለን መስታወቱ ጀርባ አግኝታ «ትናንት ወንድሜ ሆነሃል፣ በኋላ አስረዳሃለሁ፤ ዛሬ ግን እንዳትቆርጠኝ» አለችው። ምናለ ነገር የማያበዛ ሰው ነው፤ ፊቷን አየና «እሺ» አለ።

ማንያዘዋል ቢሮው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ። መምህር ተክለ ጊዮርጊስ የሚባሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ የዝግጅቱ ወዳጅ፣ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ሳለ የኮራን ታሪክ ከኢንተርኔት አግኝተው አትመው አምጥተውለታል። ሰርካለም አነበበችው። ከላይ የኮራ ፎቶግራፍ አለ፤ ሰፊ ግንባር፣ ትልልቅ ዓይኖች። ከሥሩ ያለው አጭር ነው። ኮራ ሌንደን በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ቤት፣ ከደረጃው ሥር ሞታ ተገኘች። ባሏ ወድቃ ነው አለ። ኩባንያው ነገሩ እንዳይወራ አደረገ። ከዚያ ቤት አንድም ቀን አልወጣችም።

ሰርካለም ወረቀቱን ይዛ ቆመች። አይታት ለማታውቅ ሴት እንዲህ አዝና አታውቅም። ከሐዘኑ በላይ ግን ፍርሃቱ መጣባት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ማንያዘዋል። አልተቆጣም፤ ያም ይባስ አስፈራት። «እንደገባሽ መጀመሪያ ይሄንን ታነቢያለሽ። አድማጭን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ካላነበብሽ አስቆርጥሻለሁ።»

«ይሄን ካነበብኩ አንዲት ሴት ትሞታለች» አለች። ሁሉንም ነገረችው፤ ማሩን፣ ሰውየውን፣ ሦስቱን ወንድሞች። «አንዱ አንተ ነህ» አለችው።

«ያቺን ሴት እዚያ ያደረሳት ውሸት ነው» አለ ማንያዘዋል። «በውሸት ላይ ውሸት እየደረብሽ እስከ መቼ ትጠብቂያታለሽ? አንብቢ።»

ትክክል ነበር። ስቱዲዮ ገብታ ተቀመጠች። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋችው። መስታወቱ ጀርባ ምናለ ተቀምጧል፣ ማንያዘዋል ከኋላው ቆሟል። ቀዩ መብራት በራ።

ወለቃ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ሬዲዮ ከበው ተቀምጠዋል። ከቆላ ድባ ወዲያ አንድ ሰው ብቻውን መደብ ላይ ተቀምጧል። ይህን ወረቀት ብታነብ ያ ሰው የሚለውን ከዚህ ሆና ትሰማዋለች፦ ስለ ፈረንጇ የዋሸ አፍ ስለ ወንድሞቹም ዋሽቷል። ከዚያ ጋቢውን አንሥቶ ይነሳል። በመኪና እስከ ወለቃ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው።

«ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ» አለች። ውኃ ተጎነጨች። «ዛሬ የኮራ ሌንደንን መጨረሻ እነግራችኋለሁ። መጨረሻው እጄ ገብቷል።»

ማንያዘዋል በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰርካለም ፎቶግራፉን አየችው።

«ኮራ ሌንደን» አለች፣ «ዘጠና አንድ ዓመት ኖረች።»

ማንያዘዋል የምናለን ትከሻ ያዘ፣ ወደ ቁልፉ ጠቆመው። ምናለ ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ሰርካለም አላቆመችም። ትልቋ ሴት ባዶው ቤት ደረሰች፤ ማሩ ተጠባ፤ ባልየው በር ላይ ቆሞ ዘመድ ጠየቀ፣ ዘመድ ተነገረው። እየተናገረች ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። የስልኩ መብራት ብልጭ ማለት ጀመረ። ባታነሳው ፈራች ይባላል፤ ብታነሳው ማን እንደሆነ ታውቃለች። አነሳችው።

«እንደምን ዋልሽ እቴ» አለ ለስላሳው ድምፅ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማ። «ባልየውስ?»

«ባልየው ምን?»

«ምን ሆነ?»

ሰርካለም ጆሮዋን ሰጠች። በመስመሩ ውስጥ አንድ ነገር ሰማች፤ ሰውየው ትንፋሹን ይዟል። እሱም ፈርቷል።

«ከበሩ ላይ ተመለሰ» አለች። «አንድ ቀን ተነሥቶ ዳግመኛ ሊሄድባት አሰበ፤ ወንድሞቿ ግን መንገድ ላይ ቀድመውት ነበር። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ስሙን አያነሳም።»

ስልኩ ተዘጋ። ማንያዘዋል የስቱዲዮውን በር ከፍቶ ገባ፤ ቀዩ መብራት እየበራ ስለነበር መናገር አልቻለም፤ አጠገቧ ቆሞ ቀረ። ሰርካለም የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለዝግጅቱ አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቷል፤ ለኮራ ደግሞ ገና ስድሳ ዓመት ይቀራታል። ወረቀቱን ገለበጠችውና የቀረውን ዕድሜዋን መተረክ ጀመረች።